የግምገማ ሐሳባችን፦ መንገድ የተዘጋ ቀንስ?

ከደብረ ማርቆስ፦ እንዴት ሰነበታችሁ። የጎጃምን የወረርሽኝ ዝግጁነት ለመገምገም የምናቀርበው ሐሳብ ረቂቅ እስከ አርብ ማለቅ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. የጋራ የውጭ ግምገማ የሚባል አሠራር ጀምሯል። አገር ለወረርሽኝ ያለው ዝግጁነት በየዘርፉ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል። ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት ተገምግማለች። ነጥቡ ግን ለአገር በጅምላ ነው። የዓባይ በረሃ መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ጎጃም ላይ ምን እንደሚቀር ከአንድ ቁጥር አይነበብም። ሐሳባችን እሱን እንዲይዝ እፈልጋለሁ።

ከቡሬ፦ ወንድሜ፣ «የእኛ ለየት ይላል» ብቻ ካልን ማንም አይሰማንም። ይህ የግምገማ አሠራር ከየቦታው ሁኔታ ጋር ተስማምቶ እንደሚሠራ እናሳይ። ዛንዚባር የራሷ ጤና ሚኒስቴር ስላላት ከታንዛኒያ ዋና ምድር ተለይታ ተገምግማለች። ትንሿ ሊክተንስታይን ደግሞ ለብዙ ሕክምና ስዊዘርላንድን ስለምትጠቀም ሁለቱ በአንድ ላይ ታይተዋል። ሶማሊያም በዚያ ሁሉ ችግር ውስጥ ሆና ተገምግማለች።

ከፍኖተ ሰላም፦ እሺ፣ ይግባ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ወደ ላቦራቶሪ የሚላከው የሕመምተኛ ናሙና ነው። አንድ ጊዜ ኩፍኝ የተጠረጠረባት ሕፃን ናሙና ይዤ ሦስት ቀን መኪና ጠበቅሁ። ናሙናውን የሚያቀዘቅዘው በረዶ ቀለጠ። ናሙናው አይሠራም ተብሎ ተጣለ። እናትየው መጥታ «ውጤቱ ደረሰ ወይ?» ስትለኝ የምለው አጣሁ። በወረቀት ላይ ግን የናሙና ማጓጓዣ ሥርዓት አለን። ስለዚህ «ሥርዓት አለ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ትተን ቀን እንቁጠር። 7-1-7 የሚባለውን መለኪያ ታውቁታላችሁ። ወረርሽኙን በ7 ቀን ማወቅ፣ በ1 ቀን ማሳወቅ፣ በቀጣዩ 7 ቀን የመጀመሪያዎቹን የምላሽ ሥራዎች መጨረስ። መንገድ ክፍት በነበረበት ጊዜ ስንት ቀን ፈጀ? ሲዘጋስ? ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

ከደብረ ማርቆስ፦ እህቴ፣ የሐሳቡ እምብርት ይኸው ነው። ረቂቁን እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ።

ከባሕር ዳር፦ ልጆቼ፣ ለግምገማው ቀበሌ ስትመርጡ ቆላውን ብቻ እንዳትይዙ። በ1958 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን ገድሏል። ክፉኛ የጎዳው ወባ ብዙም የማያውቀውን፣ ሰውነቱ ያልለመደውን የከፍታ ቦታ ሕዝብ ነው። እኛ የምንዘናጋውም እዚያው ላይ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ልክ ነው ጋሼ። እንግዲህ እንዲህ ይሁን፦ ከዓባይ ሸለቆ ሁለት ቀበሌ፣ ከደጋው ሁለት፣ ከአስፋልቱ ዳር አንድ። ከየቀበሌው ያለፉ የወረርሽኝ መዝገቦች ይታያሉ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ፣ ሪፖርቱና ናሙናው ቀናቸው ይወጣል። የባለሙያ ስም አይጻፍም። ሰው ይወቀሳል ብለን ከፈራን መዝገቡን የሚያሳየን አይኖርም።

ከቡሬ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አበል በጀቱ ውስጥ የለም። የመጀመሪያው ሕመምተኛ መቼ እንደታመመ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በእግር ስንት ሰዓት እየተጓዙ ነው ሪፖርት የሚያደርሱት። ይህ ካልገባ እኔ አልፈርምም።

ከፍኖተ ሰላም፦ እኔም። ለአይስ ቦክስ ካሰብነው ላይም ቢሆን ይቀነስላቸው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ገብቷል። አይስ ቦክሱ አይነካም፤ የስብሰባውን የሻይ ወጪ ሰርዤዋለሁ። የተስተካከለውን ነገ ማታ እልካለሁ። ኔትወርክ ከሌለ ወደ ቡሬ በሚሄድ ሰው እጅ በወረቀት ይደርሳችኋል።