ከዳር ሆኖ መሳለም

ሰላም ለሁላችሁ፤ እንኳን ለፍልሰታ ጾም አደረሳችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን ጀርመን በገባች በአምስተኛ ወሯ የጻፈችውን አነበብኩ። እሁድ እሁድ ሥራ ይደርሰኛል፤ ቅዳሴ ካስቀደስኩ ሁለት ወር አለፈኝ፤ ጾሙንም አንዴ እይዘዋለሁ አንዴ እለቀዋለሁ፤ ክርስትናዬ ከእጄ እያለቀብኝ ነው ብላለች። ብዙዎቻችሁ የቤተ ክርስቲያን አድራሻ ሰጣችኋት። ጥሩ አደረጋችሁ። እኔ ግን አድራሻው ብቻ እንደማይበቃት አውቀዋለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍላት።

እህቴ፣ የምጽፍልሽ ከባሕር ዳር ነው። እናቴን ልጠይቅ ከጀርመን መጥቻለሁ። ዛሬ ነሐሴ 12፣ የቡሄ ዋዜማ ነው። ዝናቡ አሁን ገና አባራ። እማዬ ለነገ ሙልሙል የሚሆነውን ሊጥ አቡክታ ሸፍናዋለች። መንገዱ ብዙም ስለማያስተማምን ከከተማው አልወጣሁም። ቢሆንም ከቤታችን እስከ ሐይቁ ዳር ያለችው መንገድ በቅታኛለች።

እዚህ ፍልሰታን ሰው ብቻውን አይጾመውም። ከተማው ነው የሚያስጾመው። ቀትር ሲሆን ሴቶችና ልጆች ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጊዮርጊስ ይወርዳሉ። ቅዳሴው የሚያልቀው ከሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ብዪ የሚልሽ፣ ጠጪ የሚልሽ የለም። የጎረቤታችን የሰባት ዓመት ልጅ ትናንት በር ላይ ቆማ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምኩ!» አለችኝ። ከንፈሯ ደርቋል፤ ፊቷ ግን በርቷል። እኔም በሷ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። ሐይቅ ዳር ስላለን ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክርም አለ። እሱን እዚህ አልከፍተውም። እናቴ አትበላም፣ እኔም አልበላም።

ጀርመን ስገባ ይሄ ሁሉ የራሴ ጥንካሬ ነበር የሚመስለኝ። ጾመኛ ነኝ፣ አስቀዳሽ ነኝ እል ነበር። ሰፈሩ አዝሎኝ እንደነበር ያወቅሁት ከጀርባው ሲያወርደኝ ነው። አንቺ አሁን የሚሰማሽ እሱ ነው። እምነትሽ አላለቀም፤ በራስሽ እግር መሄድ ጀምረሽ ነው። መጀመሪያ ላይ ያማል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም ማለት ይቻላል። የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ጥምቀት የሥራ ቀን ላይ ዋለ። ቀድሜ መጠየቅ ስችል ዝም አልኩ። በጠዋት ደወልኩና አሞኛል አልኩ። ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ዘመርኩ፣ እልል አልኩ፣ ጠበል ተረጨሁ። በማግስቱ ስገባ የሥራ ባልደረባዬ ዓይኗ ደፍርሷል። የኔን ፈረቃ ከራሷ ጋር ደርባ ሠርታለች። ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ያን ቀን ልጆቿ ጎረቤት ነው ያደሩት። «ተሻለሽ ወይ?» አለችኝ። ከዚያ ሻይ አፍልታ አመጣችልኝ። ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

እዚህ ባሕር ዳር ላሉት የንስሐ አባቴ ደወልኩ። ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አዘዙኝም። ቀጥለው ግን «ያቺ ልጅ በዓሏ መቼ ነው?» አሉኝ። በእነሱ አቆጣጠር የገና ዋዜማ በእኛ ታኅሣሥ 15 ይውላል፤ ያን ማታ ቤተሰብ ሁሉ ቤቱ ይሰበሰባል አልኳቸው። «እንግዲያ ያን ማታ አንቺ ግቢላት። እውነቱንም ንገሪያት» አሉኝ።

ሁለተኛው ከስግደቱ ሁሉ ከበደኝ። አንድ ሳምንት አመላለስኩት። በመጨረሻ ልብስ በምንቀይርበት ክፍል ውስጥ ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ሌላ ጊዜ ጠይቂኝ» ብቻ አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ዓመት ወዲህ እንዲህ ነው የምንኖረው። ታኅሣሥ 15 ማታ እኔ እገባለሁ። ታኅሣሥ 29 እሷ ትገባልኛለች። ለጥምቀትም እንደዚያው። የኛና የነሱ በዓል በተለያየ ቀን መዋሉ ስደተኛ ሆኜ ያገኘሁት በረከት ነው። ሰው ከልጆቹ ጋር ሻማ አብርቶ እንዲያመሽ የሽንት ጨርቅ ስቀይር አመሻለሁ። ያን ማታ ከየትኛውም ማታ ይልቅ እየጸለይኩ እንደሆነ ይሰማኛል።

አንቺ ግን ቅዳሴውስ፣ ቁርባኑስ ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። ሥራዬ ጸሎቴ ነው ብለው ቤተ ክርስቲያን የተዉ ሰዎች አይቻለሁ። እኔ እንደዚያ አልልሽም። ቅዳሴ ናፍቆኝ ትራም ውስጥ ያለቀስኩበት ቀን አለ። ግን መድረስ ባልቻልሽበት ቀን ምን ታደርጊያለሽ? ይሄን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ያስተማረችኝ መሆኑን ያወቅሁትም በዚህ ሳምንት ነው።

ከሐይቁ ዳር ቆመሽ ወደ ሰሜን ስታዪ ክብራንና እንጦስ የሚባሉት ሁለት የገዳም ደሴቶች ጎን ለጎን ይታያሉ። እንጦስ ኢየሱስ የሴቶች ገዳም ነው፤ መነኮሳይያት ይኖሩበታል። ክብራን ገብርኤል ግን ሴት አይገባም። አባቴ በሕይወት ሳለ በታንኳ ይሻገር ነበር። እማዬ ስንቁን ቋጥራ ትሸኘውና ዳር ላይ ትቀራለች። በክረምት ጣና ዳር ዳሩ ቡናማ ይሆናል፤ ደሴቱ ግን ከጭጋጉ መሃል አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ቅዳሜ ጠዋት አብረን ወረድን። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ወደ ክብራን ዞረች፤ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብላ ተሳለመች። እግሯን እያመማት ነው፣ ግን አልቸኮለችም። አንድ ሰውዬ ደንገል ታንኳውን እየቀዘፈ በፊታችን አለፈ። እሷም ጨርሳ አማተበች።

«እማዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ከዚህ ሆነሽ ስትሳለሚ አንድ ቀን እንኳ አልከፋሽም?» አልኳት።

«ደሴቱ ነው እንጂ ሩቅ፣ ገብርኤል መች ሩቅ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ሽንኩርት እንድንገዛ ወደ ገበያው መንገድ ዞረች።

አሁን የ2017ቱን ፋሲካ ልንገርሽ። በዚያ ዓመት የኛም የነሱም ፋሲካ ሚያዝያ 12 ላይ ገጠመ። መለዋወጥ የሚባል ነገር አልሠራም። ሁሉም ቤቱ መሆን ይፈልጋል፤ የሌሊቱ ተራ ደግሞ የኔ ነበር። ጠየቅሁ፣ ሰው አልተገኘም። ዘንድሮ አልዋሽም ብዬ ገባሁ። ሰሙነ ሕማማቱን ሰግጄ፣ ሁለት ቀን አክፍዬ፣ የትንሣኤን ሌሊት ነጠላ ሳልለብስ ማሳለፌ አንጀቴን በላኝ።

በኔ በኩል ካሉት ክፍሎች በአንዱ የዘጠና አንድ ዓመት እናት ነበሩ። ካቶሊክ ናቸው። መቁጠሪያቸው ከእጃቸው አይለይም። በዚያ ሰሞን መብላት እየተዉ ነበር። ሌሊት ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣቸዋለሁ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ገብቼ ሳገላብጣቸው ነቅተው አገኘኋቸው። እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እሳቸው አባታችን ሆይን በጀርመንኛ ጀመሩ፣ እኔ በአማርኛ ተከተልኳቸው። እኩል አልጨረስንም። የኛ ረዘም ይላል፤ እመቤታችንን ሰላም ማለት አለና። ጠበቁኝ።

የካቶሊኮቹ ደወል ከጸሎተ ሐሙስ ማታ ጀምሮ ዝም ብሎ ይቆያል፤ ለትንሣኤ ነው እንደገና የሚደወለው። ሊነጋጋ ሲል ከሩቅ ሰማሁት። መስኮቱን ከፈትኩላቸው። ብርዱ ገባ፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳብኩላቸው። «ክርስቶስ ተነሥቷል» አልኳቸው በጀርመንኛ። «በእውነት ተነሥቷል» አሉኝ። ድምፃቸው እንደ ወረቀት ነበር። ግንቦት ላይ አረፉ።

ያን ጠዋት ከሥራ ስወጣ ለእማዬ ደወልኩ። ቅዳሴ አልደረስኩም ብዬ ሳላበቃ ማልቀስ ጀመርኩ። «ሰው ጋ ነበርሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲያ እንኳን አደረሰሽ። በይ ሂጂና ግደፊ» አለችኝ።

እስቲ ደግሞ ለኑሮሽ የሚጠቅሙሽን ጥቂት ነገሮች በአጭሩ ልበል። የዓመቱን በዓላት በፈረንጅ ቀን ቀይረሽ በአንድ ወረቀት ጻፊና ዲንስትፕላን (የፈረቃ ሠሌዳ) ለሚያወጣው ኃላፊ ቀድመሽ ስጪ። ፕላኑ ከወጣ በኋላ መለመን ከባድ ነው፤ ከመውጣቱ በፊት ግን ብዙዎቹ ያስቡልሻል። የኛ ቅዳሴ በብዙ ከተማ የሚቀደሰው በተከራየነው ወይም በተዋስነው የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ስለሆነ ሰዓቱ ይለዋወጣልና ሁሌ ደውለሽ አረጋግጪ። በጾም ዕቃ ስትገዢ ከጀርባው ሚልሽ (ወተት)፣ ቡተር (ቅቤ)፣ ዛነ (ክሬም)፣ አይ (እንቁላል) የሚሉትን ቃላት ፈልጊ። ከተማ ስትቀይሪና ስትመዘገቢ ደግሞ ሃይማኖት የሚጠይቅ ቦታ አለ። ኦርቶዶክስ ብለሽ በትክክል አስሞይ። አንዲት የማውቃት ልጅ በስህተት ወንጌላዊት ተብላ ተመዝግባ ለአንድ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ግብር ተቆረጠባት። እንደ ክፍለ ሀገሩ ከገቢ ግብርሽ ላይ 8 ወይም 9 በመቶ ነው፤ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን ጽዋ ማኅበር ፈልጊ። ከሌለ ከሁለት ሰው ጋር ጀምሪው። እኛ አራት ሆነን ነው የጀመርነው፤ አንዷ ወር ጠብቃ ዳቦ ስትጋግር ቤቷ እንዴት እንደሚሸት ብታዪ!

ወደ ዛሬ ጠዋት ልመለስ። ይሄን ሁሉ እንድጽፍ ያስነሳኝም እሱ ነው። ሦስት ሰዓት ገደማ በሩ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ሰማን። የቆሎ ተማሪ ነው። ደበሎው በዝናቡ ርሷል፣ አኩፋዳው ትከሻው ላይ፣ በዱላው ውሻችንን እያራቀ። አሥራ አራት ቢሆነው ነው። እማዬ እንጀራ በሽሮ ጠቅልላ «ስጪው» ብላ በእጄ አስያዘችኝ። ራሷ ልትሰጠው ስትችል ሆን ብላ ነው። ምን እየተማርክ ነው አልኩት፤ ጾመ ድጓ፣ የዐቢይ ጾሙን ዜማ፣ አለኝ። እንጀራውን ተቀብሎ አኩፋዳው ውስጥ ከተተና የእናቴን የክርስትና ስም ጠርቶ ጸለየላት። ያውቀዋል፤ ሁሌ ይመጣል።

ከዚያ ወደኔ አየ። «ያንቺስ?» አለኝ።

እህቴ፣ ወዲያው አልመጣልኝም። አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ስም የጠራኝ ሰው የለም። የሥራ መታወቂያዬ ላይ ያለው ሌላ ነው፤ እሱንም በትክክል አይጠሩትም። እማዬ ከኋላዬ ስሜን ነገረችው። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ጠራኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ግን ያቺ ካህኑ ከውሃ ውስጥ ሲያወጡኝ የተጠራችው የሰማንያ ቀን ልጅ አሁንም እዚያው ቆማ እንደነበር ተሰማኝ። የትም አልሄደችም።

አሁን ልጨርስ፤ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ማጮህ ጀምረዋል፣ ችቦውም ሊለኮስ ነው። እኔ ነሐሴ 18 እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ነሐሴ 16 ጠዋት ከእማዬ ጋር ጊዮርጊስ እንሄዳለን። የክርስትና ስምሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ጽፌ ለካህኑ እሰጥልሻለሁ። ሌሎቻችሁም የምትፈልጉ እስከ ነሐሴ 15 ማታ ላኩልኝ።