ጅራቱ የከበደብኝ ሞዴል አውሮፕላን፦ ከመጀመሪያው በረራ በፊት ምክር እሻለሁ

በዚህ ሥራ ልምድ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የምኖረው ደሴ ሲሆን፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.2 ሜትር የሆነ፣ በሪሞት የሚበር የፎም አውሮፕላን በሁለት ክረምት ገጣጥሜ ጨርሻለሁ። የሪሞቱን ዘንግ ወደ ቀኝ ስገፋ የቀኝ ክንፉ መቆጣጠሪያ ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች መሄዱን ደጋግሜ አረጋግጫለሁ።

ያስጨነቀኝ ሚዛኑ ነው። የክንፉ ስፋት ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ 20 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ የክብደት ማዕከሉ ከፊት ጠርዙ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ማረፍ ሲገባው፣ ባትሪውን እስከ አፍንጫው ድረስ ብገፋውም 7.5 ላይ ይቀራል፤ ጅራቱ የከበደ አውሮፕላን ደግሞ አፍንጫው እየተነሣ ከቁጥጥር እንደሚወጣ ስለማውቅ ልወረውረው አልደፈርኩም። አፍንጫው ላይ ማመጣጠኛ ክብደት እንዳልጨምር፣ ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ የሳሳ ነው፤ ክብደት በጨመረ ቁጥር ደግሞ በአየር ላይ ለመቆየት የሚያስፈልገው ፍጥነት ይጨምራል።

ክብደቱን ጨምሬ፣ ተጨማሪ ጉልበት እንዲያገኝ ባለ 9 ኢንቹን ፕሮፔለር (በሞተሩ የሚሽከረከረውን መቅዘፊያ) በባለ 10 ብተካው ሞተሩ ይጎዳል? ወይስ ዝቅ ወዳለችው ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው እጅግ ርቄ፣ ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ ብሞክረው ይሻላል?