ላይክ አለ፣ ደዋይ የለም፤ የቱን ላስተካክል?

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራው ቱሉ ዲምቱ ላይ የኪችን ካቢኔትና ቁምሳጥን ነው። ፌስቡክ ላይ 3 ፖስት ለ10 ቀን ቡስት ተደርጎ (ብዙ ሰው እንዲያየው ተከፍሎበት) 640 ላይክ መጣ፤ ደውሎ ልኬት ያስወሰደ ግን 2 ሰው ብቻ።

እስካሁን የገባኝ ስህተት ይሄ ነው፦ የቡስቱ ግብ «ኢንጌጅመንት» (ላይክና ኮመንት ማብዛት) ስለነበር ፌስቡክ የፈለገልኝ ላይክ የሚያደርግ እንጂ የሚገዛ ሰው አይደለም። ቦታውም ጠቅላላ «አዲስ አበባ» ስለሆነ ከአየር ጤናና ከሽሮ ሜዳ የጠየቁት የማጓጓዣውን ሲሰሙ ድምፃቸው ጠፋ። አሁን ግቡን ወደ «ሜሴጅ» ቀይሬ፣ ካርታው ላይ ቱሉ ዲምቱን መሃል አድርጌ ዙሪያውን በ8 ኪሎ ሜትር ልወስነው ነው። ቁልፍ ተረክቦ ባዶ ኮንዶሚኒየም የሚገባው ሰው ያለው እዚሁ፣ ኮዬ ፈጬና ቂሊንጦ ነዋ።

የቸገረኝ ዋጋው ነው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ሲባል ኮመንቱ በሙሉ «ስንት ነው?» ይሆናል፤ መልሱ ማታ ሲደርስ ሰውዬው ሌላ ጋ ሄዷል። በካሬ ሜትር እንዳልጽፍ የኤምዲኤፍ (ካቢኔቱ የሚሠራበት የተጨመቀ እንጨት) ዋጋ አይረጋም። «ከዚህ ጀምሮ» ብሎ ዋጋው የሚጸናበትን ቀን ከስር ማስፈር ያዋጣል?

ቴሌግራሙ ደግሞ 2,300 አባል አለው፣ ፖስት የሚያየው 90 ሰው። አባላቱ በገንዘብ የተጨመሩ ናቸው (አዎ፣ ስህተት ነበር)። ላጽዳው ወይስ አዲስ ቻናል ልክፈት? የሞከራችሁት ካለ በቁጥር ንገሩኝ።