ሻጩ ፈርሞ ቃል የገባውን የመኪና ጥገና አልፈጽምም ቢል ምን ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የሆጤዋ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለቤተሰብ አገልግሎት የሚሆን ያገለገለ አውቶማቲክ ቶዮታ ኮሮላ ኮምቦልቻ ከሚገኝ የመኪና መሸጫ ገዝቻለሁ። ከመግዛቴ በፊት መኪናዋን ወደ ደሴ አቅጣጫ ስንሞክራት፣ የሐረጎን ዳገት እንደጀመረች የሙቀት መለኪያው ቀስት ከመሃል ተነስቶ ወደ ቀዩ ምልክት ሲጠጋ ሻጩም እኔም አብረን አይተናል። ሻጩም በቀብድ ደረሰኙ ጀርባ ላይ «ራዲያተር ይቀየራል፤ የፊት ሾክ አብሶርበር ይቀየራል» ብሎ በእስክሪብቶ ጽፎ ፈረመበት፤ የመሸጫውንም ማኅተም ግማሹ ጽሑፉ ላይ፣ ግማሹ ባዶው ወረቀት ላይ እንዲያርፍ አድርጎ መታበት። ከዚያ በኋላ የተፈረመው ዋናው የሽያጭ ውል ግን ስለ ጥገናው ምንም ሳይል «ገዢ ተሽከርካሪውን አይተውና መርምረው ባለበት ሁኔታ ተረክበዋል» ይላል።

ከዋጋው 60,000 ብር ጥገናው ሲያልቅ ልከፍል ተስማምተን በእጄ ቀርቷል፤ ሊብሬው ደግሞ ስም እስኪዛወር ድረስ እሱ ዘንድ ነው። አሁን «ቀሪውን ካልከፈልሽ አልነካትም» ማለት ጀምሯል፤ ሲብስበትም «ውሉ ባለበት ሁኔታ ይላል» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። በዚህ ላይ ስንገዛት ያላየነው ሌላ ችግር መጥቷል፤ መኪናዋ ከሞቀች በኋላ ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር ይመታል። ሌላ ጋራዥ አስጠግኜ ወጪውን ከቀሪው ገንዘብ ላይ መቀነስ እችላለሁን? በደረሰኙ ጀርባ ያለው ጽሑፍስ በውሉ ፊት ዋጋ ይኖረዋልን? የባለቤቴ ቤተሰቦች ነገሩ በሽማግሌ እንዲያልቅ ይፈልጋሉ፤ ይህን መንገድ ብከተል መብቴ ይጎዳ እንደሆነም ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ቦርከና ማዶ

እህቴ፣ በመጀመሪያ በውሉ ላይ «ሻጭ» ተብሎ የተጻፈው ማን እንደሆነ ይመልከቱ። እኛ ዘንድ መሸጫ ውስጥ የሚቆሙ ብዙ መኪኖች ባለቤታቸው ሌላ ሰው ነው፤ መሸጫው የሚሠራው በኮሚሽን ነው። ሊብሬው በማን ስም እንደሆነና የፈረመልዎ ሰው በራሱ ስም ይሁን በውክልና ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር ሁሉ መሠረት አይኖረውም።

መልስ፦ መካኒክ ከኮምቦልቻ

ስለ ሕጉ የሚያውቁት ይናገሩ፤ እኔ ስለ መኪናዋ ልናገር፤ ምክንያቱም ጥገናው ቢፈጸምልዎ እንኳ በተጻፈው መንገድ ከተፈጸመ ችግሩ ላይፈታ ይችላል።

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ይህን ልዩነት መኪና በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ትወጣዋለች። ሞተሩ ብዙ ጉልበት እያወጣ መኪናዋ በዝግታ ስትሄድ በራዲያተሩ የሚያልፈው ነፋስ ያንሳል፤ ስለዚህ በሜዳ ላይ ተደብቆ የሚኖር የማቀዝቀዣ ችግር ሁሉ እዚያ ይወጣል። በደሴ ከፍታ ክፍት የሆነ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውኃ በዚህ ሙቀት የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝ ነው፤ ክዳኑ ከደከመ ወይም በኩላንት ፈንታ ባዶ ውኃ ከተሞላ አዲስ ራዲያተር ብቻውን አያድንም። ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ የማይከፈት፣ ቬንቲላተሩ በሰዓቱ የማይነሳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) የተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ያስነሱትና ውኃው ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም የዘይቱ መለኪያ ወተት የመሰለ ዘይት ይዞ ከወጣ፣ ጉዳዩ ከራዲያተር አልፏል ማለት ነው። ሞተሩ ትኩስ ሆኖ ሳለ ግን ክዳኑን በፍጹም አይክፈቱ።

ሁለት ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። አንደኛው፣ ቀስቱ ከመሃል ካለፈ መንዳትዎን ያቁሙ፤ ቴስታታው ከተጣመመ ሻጩ «በሙቀት እየነዳች ያበላሸችው ራሷ ናት» የሚል መከራከሪያ ያገኛል። ሁለተኛው፣ ካምቢዮውን ማንም እንዲፈታው አይፍቀዱ። ከተፈታ በኋላ ችግሩ ከሽያጭ በፊት የነበረ ይሁን ፈቺው የፈጠረው ማንም መለየት አይችልም። ፈቃድ ያለው ጋራዥ ሳይፈታ መርምሮ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብና ቀኑን ጨምሮ በማኅተሙ በጽሑፍ ይስጥዎ። ከሻጩ ጋር ዳግም ከተስማማችሁም «ራዲያተር ይቀየራል» በሚለው አይርጉ፤ «መኪናዋ ሙሉ ሰው ጭና ከኮምቦልቻ ደሴ ስትወጣ ሙቀቷ ከመደበኛው አያልፍም» ተብሎ ይጻፍ፤ በዚያው መንገድ አብራችሁ ፈትኗት።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ (ደሴ፣ ፒያሳ)

ጠያቂዋ ያነሱት አንድ ክርክር ሳይሆን ሁለት ክርክር ነው፤ ሁለቱን ሳይለዩ ፍርድ ቤት የሚቀርቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፉት በዚህ ምክንያት ነው።

የራዲያተሩና የሾክ አብሶርበሩ ችግር ውሉ ሲፈረም የታወቀ ነበር። ገዢ አውቆ በተቀበለው ጉድለት ላይ የሻጭን የጉድለት መድን (ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ያለበትን ዋስትና) መጠየቅ አይችልም፤ ስለዚህ «የተሸጠልኝ ዕቃ ጉድለት አለበት» ብለው ከከሰሱ ሻጩ «አይታው ነው የገዛችው» ብሎ በቀላሉ ይመልሳል። እዚህ ላይ ያለዎት መብት ከጽሑፉ የሚመነጨው፣ ማለትም «አድሳለሁ» ብሎ የገባው ግዴታ እንዲፈጸም የመጠየቅ መብት ነው። አንድን ነገር ለማድረግ ግዴታ የገባ ሰው ካልፈጸመ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1777 መሠረት ፍርድ ቤቱ ሥራውን በባለዕዳው ኪሳራ እንዲያሠሩ ሊፈቅድልዎ ይችላል። ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ ይኸው ነው፤ ራስዎ አስጠግነው ወጪውን ከቀሪው ገንዘብ ከመቀነስዎ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠትና ፈቃዱን መጠየቅ ይገባዎታል።

የካምቢዮው ጉዳይ ግን በሽያጩ ጊዜ ያልታወቀ ጉድለት ስለሆነ፣ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ባሉት የመድን ድንጋጌዎች ይታያል። እዚህ ላይ የሚያሰጋኝ ጊዜው ነው። ሕጉ ገዢው ጉድለቱን እንዳገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል፤ ክሱንም ካስታወቀበት ቀን አንሥቶ በ1 ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይኖርበታል። ስልክ መደወል ማስታወቅ ቢሆንም ሻጩ ሲክደው ማስረጃ አይሆንዎትም፤ የቴሌግራም ወይም የአጭር መልእክት ልውውጥ ካለዎት ግን አይሰርዙት፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እንዲህ ያለ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ይደነግጋል።

«ባለበት ሁኔታ» የሚለው ሐረግ የመድኑን ኃላፊነት ሊያጠብብ ይችላል፤ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በማታለል የደበቀው መሆኑ ከተረጋገጠ ግን መጠጊያ አይሆነውም። የተፈረመ ውል ያለበትን ጉዳይ በምስክር ማፍረስ ግን ሕጉ አይፈቅድም (ቁጥር 2006)። የደረሰኙ ጀርባ ወርቅ የሚሆንልዎ በዚህ ምክንያት ነው፤ ጽሑፉ፣ ፊርማውና ማኅተሙ የቃል ምስክርነት ሳይሆኑ ሰነድ ናቸው። ሻጩ «ውሉ የተፈረመው ከጽሑፉ በኋላ ስለሆነ ቃሌ ቀርቷል» ማለቱ አይቀርም። መልስዎ ያልተከፈለው 60,000 ብር ነው፤ ጥገናው ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ በእጅዎ የሚቆይበት ምክንያት አይኖርም ነበር። በቁጥር 1757 መሠረትም የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ወገን ሌላውን ፈጽም ማለት አይችልም። ሆኖም ገንዘቡን መያዝዎ ብቻ አይበቃም፤ መኪናዋ ታድሳ በተረከቡበት ዕለት ለመክፈል ዝግጁ መሆንዎን በጽሑፍ ያሳውቁ።

ለቤተሰብ አገልግሎት ስለገዙ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 «ሸማች» ነዎት፤ ለታክሲ ሥራ ቢሆን ኖሮ ይህ በር ይዘጋብዎ ነበር። አዋጁ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ጊዜው ካላለፈ አቤቱታዎን ለከተማው የንግድ መሥሪያ ቤት ያቅርቡ። ዋጋ ማስመለሱን ግን እኔ አልመክርም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ፣ በሚመለስልዎ ገንዘብ ተመሳሳይ መኪና ማግኘትዎ ያጠራጥራል።

መልስ፦ ከገራዶ

ሽማግሌን አትናቁ፤ እኛ አገር ነጋዴ ከፍርድ ቤት መጥሪያ ይልቅ በገበያው መካከል ስሙ መነሳቱን ይፈራል። ሽማግሌ በተቀመጠ ጊዜ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ መኪና የሚያውቅ ሰው ይጨመር፤ የተደረሰበትም ስምምነት ሥራው የሚያልቅበት ቀን ተወስኖለት ይጻፍና ሁለቱ ወገኖችና ሽማግሌዎቹ ይፈርሙበት። በቃል የተጨረሰ ዕርቅ ያንኑ ጠብ ይወልዳል።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሉን አይቼዋለሁ፤ ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ነው፤ የመሸጫው ባለቤት የፈረመው «በውክልና» ብሎ ነው። በደረሰኙ ጀርባ ያለው ፊርማና ማኅተም ግን የመሸጫው ነው። ታዲያ ደብዳቤውን የምጽፈው ለማን ነው? ሽማግሌዎቹስ እስኪቀመጡ ልጠብቅ?

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ (ደሴ፣ ፒያሳ)

ለሁለቱም ይጻፉ። ወኪል በውክልናው ወሰን ውስጥ የፈረመው ውል ወካዩን ያስገድዳል፤ ስለ ካምቢዮው የሚጠየቀው በዋናነት ባለቤቱ ነው። የጥገናውን ቃል ግን መሸጫው በራሱ ማኅተም ስለሰጠ እሱም በቀጥታ ይጠየቃል።

ደብዳቤውን ሽማግሌ እስኪቀመጥ አያቆዩት፤ ጊዜው የሚሄደው ሽማግሌ ተቀመጠም አልተቀመጠም ነው። ቁጣ ሳይገባበት የውሉን ቀን፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ በጀርባው የተጻፈውን ቃል በቃል፣ ካምቢዮው ላይ የተገኘውን ችግርና የጋራዡን ምርመራ ውጤት ይጥቀሱ፤ ጥገናው የሚፈጸምበትን ምክንያታዊ ቀን ይወስኑ፤ 60,000 ብሩ በርክክቡ ዕለት እንደሚከፈል፣ የስም ዝውውሩም በዚያው ዕለት እንዲፈጸም እንደሚጠይቁ ያስፍሩ። በመጨረሻም ጉዳዩን በሽማግሌ ለመጨረስ ፈቃደኛ እንደሆኑና ይህ ግን መብትዎን እንደመተው እንደማይቆጠር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ሲሰጡ በሌላው ላይ ያስፈርሙ፤ አልፈርምም ካሉ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ይላኩና የተላከበትን ደረሰኝ ይያዙ። የተወሰነው ቀን ካለፈ ውሉ የተደረገው ኮምቦልቻ ስለሆነ ክሱን እዚያው ለሚገኘው ወረዳ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላሉ፤ በክሱ ላይም በቁጥር 1777 የተጠቀሰውን ፈቃድ፣ ሊብሬው እንዲሰጥዎና ስሙ እንዲዛወር፣ እንዲሁም መኪናዋ በገለልተኛ ባለሙያ እንድትመረመር በአንድነት ይጠይቁ።