የ1987 የእህል ሰርተፊኬት ዛሬ ይመነዘራል?

ሰብሊ (አዮዋ)
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በየቤቱ እየሄድኩ አረጋውያን እንከባከባለሁ። አንዱ ሽማግሌ ዕድሜ ልካቸውን በቆሎ ያመረቱ ገበሬ ናቸው። ትናንት መሳቢያ ስናጸዳ ከአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የተሰጠ ወረቀት ወጣ። የዶላር መጠን ተጽፎበታል፤ ቼክ ግን አይደለም። «መንግሥት በእህል የከፈለኝ ነው» አሉኝ። 1987 ይላል። ልጃቸው ጠይቂልን ብላኛለች። ባንክ ይቀበለዋል? ደግሞስ በእህል እየከፈሉ ዶላር መጻፍ ምን የሚሉት ነው?

የጎተራው
እህቴ፣ ባንክ አትመላለሺ። እነዚያ ሰርተፊኬቶች የሚያበቁበት ቀን አላቸው። የሚያገለግሉት ለወራት ነው እንጂ ለዓመታት አይደለም። ቀኑን ወረቀቱ ላይ ፈልጊ። ልጅየዋ እርግጠኛ መሆን ከፈለገች በአውራጃቸው ያለውን የእርሻ አገልግሎት ቢሮ ትጠይቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ የመንግሥት መጋዘን በእህል ተጨናንቋል። በ1985 ሕግ ወጣና ከ1986 ጀምሮ ድጎማው ከፊሉ በዚህ ወረቀት ይከፈል ጀመር። በቆሎ ወይ ስንዴ ብሎ አይለይም፤ ዶላር ብቻ። የያዘው ሰው ከመንግሥት ክምችት እህል ይወስድበታል፣ ወይም ከመንግሥት ሲበደር በመያዣ የሰጠውን የራሱን እህል ያስለቅቅበታል። ካልፈለገ ይሸጠዋል። ነጋዴዎች ከተጻፈበት ዋጋ በላይ የገዙበት ጊዜ ሁሉ ነበር!

ሒሳብ ወዳጅ
ጣዕሙ ማስለቀቁ ላይ ነው። በ1986 የበቆሎ ብድር በቡሽል 1.92 ዶላር ነበር (አራት ቡሽል ወደ አንድ ኩንታል ይጠጋል)። ገበሬው 1000 ቡሽል አስይዞ 1920 ዶላር ወሰደ። የአውራጃው የዕለት ዋጋ 1.40 ነው እንበል። በ1400 ዶላር ሰርተፊኬት በቆሎውን በሙሉ ይመልሳል። የተበደረው 1920 ኪሱ ውስጥ ነው።

ማሙሽ
ይሄ ሬገን መሬታቸውን ጦም ላሳደሩ ገበሬዎች እህል የሰጠበት አይደለም እንዴ?

የጎተራው
እሱ የ1983ቱ ነው፤ ሰው ሁሌ ያምታታዋል። ያኔ ላላረሱት መሬት እህሉን ራሱን ነው የሰጧቸው፦ ለስንዴ ከተመዘገበው ምርት 95 በመቶ፣ ለበቆሎ 80 በመቶ። በዚያ ላይ ድርቅ መጣ። የአገሩ በቆሎ ከ8.2 ቢሊዮን ቡሽል ወደ 4.2 ቢሊዮን ወረደ።

አበበች
እንደ ምርት ገበያው የመጋዘን ደረሰኝ ማለት ነዋ።

ሒሳብ ወዳጅ
አይደለም እናቴ። የምርት ገበያው ደረሰኝ ራስሽ ላስገባሽው ቡና ወይ ሰሊጥ ነው። ይሄኛው የመንግሥት ክፍያ ነው።

ታክስ ሠሪው
ሰርተፊኬቱ አሁንም አለ። ለጥቂት ዓመታት ቆሞ በ2015 መጨረሻ በሕግ ተመለሰ፤ ግን እንደ ድሮው መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ አይደለም። ገበሬው ቢሮው ሄዶ ይገዛውና እዚያው በመያዣው እህል ይቀይረዋል። ልጅየዋ አሁንም የምታርስ ከሆነና በዚህ ካተረፈች ልዩነቱ ገቢ ነው፤ ታክስ ላይ ይገባል። ደግሞ ሰብሊ፣ ፎቶ እንዳትለጥፊ። የሰው ስም አለበት።

ሰብሊ (አዮዋ)
አመሰግናለሁ። አየሁት፤ ሰኔ 1988 አብቅቷል። ለምን ሳይጠቀሙበት ቀሩ ብላቸው ሳቁ። ሌሎቹን ሸጠው የትራክተር ጎማ ገዝተውበታል። ይቺ ግን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ገብታ ጠፍታባቸው ኖሯል። ልጃቸው ፍሬም ላስገባት ብላለች።