ለአሮጌ ስቴሽን ኮሮላ ትንሽ ሰብዉፈር፦ ወንበር ሥር ወይስ ኋላ?

የአራት ኪሎው
ሰላም ወገኖች። የ94 ሞዴል ኮሮላ ስቴሽን አለችኝ፣ ከአባቴ የወረስኳት። የቤንዚን መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ያለችንን መንከባከብ ነው እንግዲህ። ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ችግሯ ድምፅ ነው። ብሉቱዝ ያለው አዲስ ቴፕ አስገብቻለሁ፣ የበር ስፒከሮቹ ግን ከመኪናዋ ጋር የመጡት ናቸው። ዘፋኙ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ቤዝ ጊታሩ ግን የት እንደገባ አይታወቅም። ድምፅ ስጨምር በሩ ይንዘፈዘፋል እንጂ ቤዝ የሚባል ነገር የለም።

ትልቅ ሳጥን አልፈልግም። የኋላው ቦታ ሥራ ላይ ነው፤ ባለቤቴ ከመርካቶ ጨርቅ ታመጣለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣቃው እስከ ጣሪያ ይደረደራል። ስለዚህ ያቺን ጠፍጣፋዋን ሰብዉፈር (ቤዝ ብቻ የምታወጣውን ስፒከር)፣ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) እዚያው ውስጧ ያለውን፣ ወንበር ሥር የምትገባዋን ነው ያሰብኩት። አንድ ሱቅ ባለ 8 ኢንች አሳዩኝ፣ ካርቶኑ 1200 ዋት ይላል። ሌላ ሱቅ ያለችው ስም ያላት ብራንድ ናት፣ 150 ዋት ብቻ ነው የተጻፈባት፣ ዋጋዋ ግን እጥፍ። ይሄ ነገር እንዴት ነው?

ባትሪዬስ ይችለዋል? አንድ ኤሌክትሪሻን ደግሞ «ከቴፑ ገመድ ጠልፌ በግማሽ ሰዓት አስረክብሃለሁ» ብሎኛል። ልመነው?

ካቻቢቴ
ከቴፑ እጠልፋለሁ ያለህን ሰው በሰላም ተሰናበተው። የቴፑ ሽቦ ቀጭን ነው፣ ፊውዙም ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ነው፣ የተሠራው ለቴፑ ብቻ ነው። ሰብዉፈሩ ሲጨመርበት ፊውዙ ይበጠሳል። ከዚያ «ችግር የለም» ብለው በ30 ይቀይሩልሃል፣ ያኔ ፊውዙ ቁጭ ብሎ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል፣ ያውም ከክሩስኮቶው ጀርባ፣ እጅህ በማይደርስበት።

ስለ ዋቱ፦ ካርቶኑን ተወውና ዕቃውን ገልብጠህ ፊውዙን እይ። ባለ 10 አምፔር ከሆነ፣ ሞተር ተነስቶ 14 ቮልት ሲኖር 140 ዋት ገደማ ነው የምትስበው። የሳበችውን ሁሉ እንኳ ወደ ድምፅ ብትቀይረው (አትቀይረውም) 1200 ከየት ይመጣል? 1200 ዋት ማለት ከ85 አምፔር በላይ ነው። ያንን የኮሮላህ ዲናሞ መብራቱንም ሞተሩንም እየመገበ ከየት ያመጣልሃል? አንተ መጠየቅ ያለብህ አርኤምኤስ የሚለውን ቁጥር ነው፣ ሳይቋረጥ የምትሰጠው ጉልበት እሱ ነው። ለወንበር ሥር ዕቃ ከ50 እስከ 100 አርኤምኤስ ይበቃል። ስለዚህ 150 ያለችህ ናት እውነት የነገረችህ፣ እሷም ብትሆን ከፍተኛውን ነው የጻፈችው።

ባትሪህ ደህና ከሆነ አይቸገርም። ሞተር አጥፍተህ ለሰዓታት ካልከፈትከው በቀር።

ገመዱ ላይ ግን አትሰስት። ቀዩ ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ ይነሳል፣ ፊውዙ ከባትሪው 45 ሳንቲ ሳይርቅ ይገባል። ፊውዙ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ሰብዉፈሩ አጠገብ ብታደርገው ከባትሪ እስከዚያ ያለው ገመድ ሁሉ ያለ ጠባቂ ቀረ ማለት ነው። ወደ ውስጥ ስታስገባው ከድሮው ሽቦዎች ጋር በነባሩ ጎሚኒ (ቀዳዳው ላይ ያለው የጎማ ቀለበት) በኩል አሳልፈው። አዲስ ቀዳዳ ካስበሳህ ጎሚኒ ሳታስገባ እንዳትቀበል፣ የላሜራው ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው፣ መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ፕላስቲኩን እየላጠ ይሄዳል።

ገመድ ስትገዛ 8 ጌጅ (ውፍረቱ ነው) በለው፣ መዳብ መሆኑን ደግሞ ራስህ አረጋግጥ። ሶማሌ ተራም ሂድ ሌላ ቦታ፣ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርገው። ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ። እሱን ከመረጥክ አንድ ደረጃ የወፈረውን ውሰድ።

ማሳው (ወደ መኪናዋ ብረት የሚታሰረው ኔጋቲቭ ገመድ) ከግማሽ ሜትር አይርዘም። ቀለሙን እስኪያንጸባርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ ባዶ ብረት ላይ እሰረው። የወንበሩንና የቀበቶውን ብሎን ግን አትንካ።

ስቴሽን ወዳድ
ካቻቢቴ ጨርሶታል፣ እኔ ስለ ቦታው ልጨምር። የስቴሽን ጥሩ ነገሯ የኋላው ከሳሎኑ ጋር አንድ ክፍል መሆኑ ነው። ሴዳን ላይ ሰብዉፈር ኋላ ስታስቀምጥ ድምፁ በወንበሩ ጀርባ ተንጠርጥሮ ነው የሚመጣው። አንተ ጋ ይሄ የለም። ከ80 ኸርትዝ በታች (ቤዙ ማለት ነው) ደግሞ ጆሮ ድምፁ ከየት እንደመጣ ብዙም አይለይም፣ ስለዚህ ቦታውን ለዕቃው ደህንነት ብለህ ምረጥ።

ጣቃ የምትጭን ከሆነ ኋላ አታድርጋት። ቤዙን ጨርቁ አያግደውም፣ አየሩን ግን ያግደዋል፣ አምፑ ውስጧ ስለሆነ ታፍና ትሞቃለች። ከጋቢናው ወንበር ሥር አድርጋት። መጀመሪያ ግን ለካ፦ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደኋላ ገፍተህ፣ ሰውም አስቀምጠህበት። ባዶውን 9 ሳንቲ የነበረው ሰው ሲቀመጥበት ስፕሪንጉ ወርዶ 7 ይሆናል፣ ለአንዳንዷ ዕቃ የመግባትና ያለመግባት ልዩነት ያቺ ናት።

ሌላው ውሃ። ክረምት ላይ የምትገባው በጭቃ ጫማ ነው፣ ከዚያ ደግሞ እጥበት ቤት ያሉት ልጆች ምንጣፉን አውጥተው ወለሉን በቱቦ ይለቁበታል። ከወለሉ ጣት ያህል ከፍ አድርጋት፣ ጎማ ነገር ወይም ጣውላ ሥሯ አስገባ። በብሎን ወለሉን ከመብሳትህ በፊት ደግሞ ከመኪናዋ ሥር ገብተህ እይ፣ የነዳጅና የፍሬን ቱቦ በዚያ ሊያልፍ ይችላል። እኔ ብሆን በቀበቶ ነው የማስራት።

ጋሽ ቴፕ
ልጆች፣ እኔ ከሁላችሁም በፊት ካሴት ሳስገባ ነው የኖርኩት። የበሩን ስፒከሮች ሳይቀይር ሰብዉፈር መግዛት ምንድነው? የ30 ዓመት ወረቀት ነው እኮ፣ ጠርዙ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መጀመሪያ የፊት ሁለቱን ቀይር፣ በሩን አስከፍተህ ላሜራው ላይ የሚለጠፈውን የድምፅ መግቻ አስለጥፍ። ግማሹ ችግርህ እዚያው ያልቃል።

ካቻቢቴ
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን ገንዘብ ሳያወጣ የሚሞክረው ነገር አለ። አዲሱ ቴፑ ኤችፒኤፍ የሚል ማስተካከያ (ወፍራሙን ድምፅ ከበር ስፒከሮቹ የሚያስቀር) ካለው 80 ኸርትዝ ላይ ያድርገው። ያኔ በሮቹ ቤዙን መሸከም ያቆማሉ፣ መንዘፍዘፉም ይቀንሳል፣ ድምፁን ከበፊቱ ከፍ ማድረግ ይችላል። ከ80 በታች ያለውን ሰብዉፈሯ ትወስደዋለች። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር ሳትያዝ ስትመታ 41 ኸርትዝ ገደማ ናት። ጠፍጣፋ ሳጥን እዚያ ድረስ በሙሉ ጉልበት አይወርድም፣ 50 እና 60 ላይ ግን ከበሮውም ጊታሩም በደንብ ይሰማል። ስፒከሮቹን ግን ቢቀይር አልጠላም፣ እዚያ ላይ ልክ ነዎት።

የአራት ኪሎው
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ባለ 150ዋን ገዝቼ ከጋቢና ወንበር ሥር ገብታለች፣ ኤችፒኤፉም 80 ላይ ነው። ቤዙ መጣ! ቅዳሜም ጣቃው እንደድሮው ተጫነ፣ ባለቤቴ ዕቃው የት እንዳለ እንኳ አላየችውም (ዋጋውን ባትጠይቅ ይሻለኛል)።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ነዳጅ ስረግጥ «ዊይይይ» የሚል ድምፅ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ቸርችልን ስወርድ ቤዝ ሲመታ ከኋላ በኩል ብረት ነገር ይንጫጫል።

ካቻቢቴ
ዊይታው የዲናሞ ነው። ቀዩ ገመድና የአርሲኤው ገመድ (ድምፁን ከቴፑ ወደ ሰብዉፈሯ የሚወስደው) በአንድ በኩል አብረው ነው የተዘረጉት?

የአራት ኪሎው
አዎ፣ ኤሌክትሪሻኑ ሁለቱንም በአንድ ናስትሮ ጠቅልሎ በሾፌር በኩል ነው ያሳለፋቸው።

ካቻቢቴ
አስፈታቸው። ቀዩ ባትሪው ባለበት በኩል ይሂድ፣ አርሲኤው በሌላኛው በር ሥር። ከዚያ በፊት ግን ሙከራ፦ ሞተሩ ተነስቶ ሳለ ሰብዉፈሯ ላይ ያለውን አርሲኤ ንቀለው። ድምፁ ከጠፋ የሚገባው በአርሲኤው ወይም በቴፑ ማሳ በኩል ነው። ካልጠፋ የሰብዉፈሯን ማሳ ፈትተህ እንደገና ፋቅ። ጌይኑንም (ሰብዉፈሯ ላይ ያለውን የጉልበት ማስተካከያ) እይ፣ ቴፑን ሦስት አራተኛ ላይ አድርገህ ነው ከዜሮ ተነስተህ ቀስ እያልክ የምትጨምረው፣ ድምፁ መቀደድ ሲጀምር ትንሽ መልሰህ ተወው። ብዙ ሰው ጥግ ላይ ያደርገውና ዊይታውንም አብሮ ያጎላዋል።

ስቴሽን ወዳድ
የኋላው ንጭንጭታ በአብዛኛው ታርጋው ነው። ሙዚቃው እየመታ አንድ ሰው ታርጋውን በእጁ ይጫነው፣ ዝም ካለ ከጀርባው ቀጭን ጎማ ለጥፍበትና ብሎኑን አጥብቀው። ካልሆነ የኋላ በር መቆለፊያውን ወይም የስኮርታ ጎማውን ብሎን ፈትሽ፣ ክሪኩ አጠገቡ ተፈትቶ ከተቀመጠም እሱ ነው የሚጮኸው።

የአራት ኪሎው
ክሪኩ ነው ወንድሜ። በጨርቅ ጠቅልዬው ዝም አለ። ገመዱን ቅዳሜ ከጣቃው በኋላ አስፈታዋለሁ።