ጠጅ ቤቱ ሊፈርስ ነው፤ ከየት ልጀምር?

የጠባሴ ልጅ፦
ደብረ ብርሃን፣ ሰፈራችን ውስጥ ያለውን አሮጌ ጠጅ ቤት ባለፈው ሳምንት ቀያሾች መጥተው ቀይ ቀለም ቀብተውበት ሄዱ። በቦታው ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል ይቆማል አሉ።

ቤቱ የጭቃ ነው፣ ቆርቆሮው ዝጓል። በግድግዳው ዙሪያ በተሠራው መደብ ላይ አያቴም አባቴም ተቀምጠዋል። በሩ አጭር ስለሆነ ሹምም ጋሪ ነጂም ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። መቃኑ ላይ የባለቤቲቱ ሟች ባል በቢላ የጫሯቸው መስመሮች አሉ፤ ዱቤ ናቸው፣ አንዱ ጭረት አንድ ብርሌ። ከአባቴ ጭረቶች አራቱ እስከ ዛሬ አልተሰረዙም።

ፊርማ ማሰባሰብ ጀምሬ 63 ደርሷል። ግማሹ ሰው እዚያው መደቡ ላይ ስለፈረመ የሚነበበው ጥቂቱ ነው። ማመልከቻውን ለማን ላቅርብ?

ጡረተኛው ጸሐፊ፦
ወንድሜ፣ ፊርማውን ይያዙት፤ መጀመሪያ ግን ቤቱ የማን እንደሆነ ይወቁ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ብዙ ጠጅ ቤት የቀበሌ ሆኗል። እንደዚያ ከሆነ ወይዘሮዋ ተከራይ ናቸው። የራሳቸው ይዞታ ከሆነ ግን አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ መልሶ በሚለማ ቦታ ላይ በፕላኑ መሠረት ራሳቸው እንዲያለሙ ቅድሚያ ሰጥቷቸዋል። የልቀቁ ትእዛዝ ከደረሳቸው አቤቱታው በተወሰነው ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ ቀኑን እንዳያሳልፉ።

በቅርስ በኩል አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርስን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ስለሚለይ፣ የእርስዎ ጉዳይ ከከተማው ባህልና ቱሪዝም ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር ነው የሚሄደው። ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ያስገቡ፤ አንዱን ማኅተም አስመትተው ይውሰዱ። ማኅተም የሌለው ወረቀት እንዳልተጻፈ ነው።

ጎረቤት፦
እኔ ከዚያ ቤት ሦስት በር አልፌ ነው የምኖረው። ሆቴሉ ቢሠራ ልጄ ሥራ ታገኝ ይሆናል። ሐምሌ ላይ ጣሪያው ሲያፈስ እትዬ ሌሊቱን ባልዲ ሲያቀያይሩ እንደሚያድሩ ፈራሚዎቹ ያውቃሉ? ለመሆኑ እሳቸውን የጠየቃቸው አለ?

ጌሾ ወቃጭ፦
ጎረቤት እውነቱን ነው። እኔ ግን በልጅነቴ እዚያ ቤት ጠጅ ስጥል ስላገዝሁ አንድ ነገር ልበል። ደብረ ብርሃን ብርዱ ጠጅ አያስፈላም። ሌላ አገር በሁለት ሳምንት የሚደርሰው እኛ ጋ በክረምት አንድ ወር ይፈጃል። እትዬ ጋኖቹን በወይራ ያጥኑና በዚሁ በከተማችን ፋብሪካ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ከምድጃው ጀርባ ካለው ግድግዳ ሥር ያቆሟቸዋል። ያ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሰዋል። እጄን አስደግፌ እሞቀው ነበር። ባለሀብቱ «ምድር ቤቱ ላይ ባህላዊ ጠጅ ቤት እንከፍታለን» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ጋኑን የት እንደሚያቆሙት ጠይቁልኝ።

የጠባሴ ልጅ፦
ጎረቤት፣ አልጠየቅኋቸውም ነበር፤ አፈርኩ። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። የፊርማውን ወረቀት ሳሳያቸው መነጽራቸውን እንኳን አላደረጉም። «ቤቱ የእኔ ሆኖ አያውቅም፤ የእኔ ጋኖቹ ናቸው» አሉ። ስለ ጣሪያው ስጠይቃቸው ሳቁ። ከግድግዳው ይልቅ የሚያሳስባቸው ተለዋጭ ቤት ምድጃ ይኖረው እንደሆነ ነው። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጋን ማን ያወጣልኛል ይላሉ።

ከዚያ ከአልጋው ሥር በነጠላ የተቋጠረ ነገር አወጡ፦ የቀበሌ ኪራይ ደረሰኝ፣ ከ1968 ጀምሮ፣ አንድም ወር ያልጎደለ። ጡረተኛው ጸሐፊ ሁለት ቅጂ ብለዋል፤ እኔ ማመልከቻውንም ራሱን ሁለት አደርገዋለሁ፤ አንዱ ስለ ቤቱ፣ አንዱ ስለ እሳቸው። አሁን መደቡ ላይ ተቀምጬ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ በስልክ ፎቶ እያነሣሁ ነው። 1974 ደርሻለሁ።